የአስጨፋሪው፣ የልብስ ሰፊው እና የአዝማሪው ገጽ

የአዲስ አበባ ስታዲየምን የሚያውቅ ሁሉ የመቀመጫ ስፍራዎቹን፣ ካታንጋን፣ ሚስማር ተራን፣ ዳፍ ትራክን፣ ከማን አንሼን ያውቃል። የተጫዋቾቹንም ስም ከነማሊያ ቁጥራቸው ይዘረዝርላችኋል። ድምፁ እስኪዘጋ ደጋፊውን ሲያስጨፍር የሚውለው ሰው ግን ማን ነው? ባንዲራውንስ ማን ሰፋው? በር ላይ ሱፍና ቆሎ የሚሸጡት እናት ኳስ በሌለበት ቀን የት ይውላሉ? እኔ እነዚህን ሰዎች አንድ አንድ ገጽ እየጻፍኩላቸው በሰፈር ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ። እንዴት እንደምሠራው የሚጠይቁኝ ስለበዙ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ገጹ አንድ ኤ4 ወረቀት ነው። ከላይ ፎቶ፣ ከሥሩ ጽሑፍ፣ መጨረሻ ላይ ባለቤቱ ከፈቀደ ስልኩና መሥሪያ ቦታው። ፎቶ ኮፒ ቤት በጥቁርና ነጭ ይባዛል። ከዚያ ፀጉር ቤት፣ ጀበና ቡና የሚሸጥበት ደጅ፣ ዲኤስቲቪ ቤት በር ላይ ይለጠፋል። ወረቀት የመረጥኩት የእነዚህ ሰዎች ደንበኛ መንገደኛ ስለሆነ ነው። ፀጉሩን ለመቆረጥ ተራ የሚጠብቅ ሰው ግድግዳ ላይ ያለውን ሁሉ ያነባል። ካነበበ በኋላም ልብስ ሰፊው ያሉት ሁለት በር አልፎ ነው፤ ሄዶ ያገኛቸዋል።

ለመጀመር የገፋፋኝ የስታዲየሙ መዘጋት ነው። በ2013 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ መካሄድ ጀመረ። ጨዋታውም በዲኤስቲቪ መተላለፍ ጀመረ። ስታዲየሙ ደግሞ ለእድሳት ተዘጋ። ለተመልካች መጥፎ አልነበረም፤ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ያያል። የጨዋታ ቀንን ይዞ ለሚያድር ሰው ግን ገበያው በአንድ ጊዜ ጠፋ። ደጋፊው አዳማ ድረስ ወደ 100 ኪሎ ሜትር፣ ሀዋሳ ድረስ ወደ 275 ኪሎ ሜትር አውቶቡስ ተከራይቶ ይሄዳል። ቆሎ ሻጯ እናት ግን አዳማ መሄድ አይችሉም። እነዚህ ሰዎች ሳይጻፍላቸው ሲበታተኑ ዝም ብሎ ማየት ከበደኝ።

ልብስ ሰፊው ጋሼ የሚሠሩት በአሮጌ ሲንጀር ነው። ለኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ቡናማና ቢጫ፣ ለጊዮርጊስ ደጋፊ ቢጫና ቀይ ባንዲራ ይሰፋሉ። ሁለቱን ጨርቅ ለየብቻ፣ በተለያየ መደርደሪያ ነው የሚያስቀምጡት። እሳቸው የማን ደጋፊ እንደሆኑ ብጠይቃቸው "እኔ የደንበኛ ደጋፊ ነኝ" ብለው አለፉኝ።

ከእሳቸው ጋር ስሠራ የገባኝ ነገር እስከ ዛሬ ይጠቅመኛል። "ኑሮ እንዴት ነው? ችግርዎ ምንድን ነው?" ብሎ የሚጀምር ሰው የሚሰማው አንድ ዓይነት መልስ ነው። ሰዉ ስለ ችግሩ መጠየቅ ለምዷል፤ መልሱንም በቃሉ ይዞታል። እኔ የጠየቅኳቸው "ትልቅ ባንዲራ ሲሰፋ የሚያስቸግረው የቱ ጋ ነው?" ብዬ ነው። ጋሼ መቀሱን አስቀመጡና ተነሱ። ጨርቁ ሲረዝም መኪናው ላይ እንደሚከብድ፣ ሰው ከወዲያ ማዶ ይዞ ካልሳበላቸው ስፌቱ እንደሚጠማዘዝ፣ ነፋስ መጀመሪያ የሚቀደው ጫፉን ስለሆነ እዚያ ጋ ደጋግመው እንደሚሰፉ እየዘረጉ አሳዩኝ። ወዲያው ልጃቸው ጨርቅ ስትይዝላቸው እንዳደገች ነገሩኝ፤ ቀጥለውም ስለ ቤት ኪራዩ። ኑሯቸውን ሳልጠይቅ ራሳቸው አመጡት፤ ያውም በሥራቸው በኩል። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ሁልጊዜ ስለ እጅ ሥራው ነው።

ሰዓቱንም መምረጥ ያስፈልጋል። ልብስ ሰፊ ጋ ጠዋት ነው የሚኬደው። አስጨፋሪ ጋ ደግሞ በጨዋታ ማግስት አይኬድም፤ ድምፁ የለም። በሳምንቱ መሀል ተረጋግቶ ሲገኝ ግን እንዴት እንደሚሠራ በጠረጴዛ ላይ እየመታ ያሳያል። እኔ ያገኘሁት አስጨፋሪ ሜዳውን ብዙ አያየውም። ፊቱ ወደ ደጋፊው፣ ጀርባው ወደ ጨዋታው ነው። ጎል መግባቱን የሚያውቀው ከሰዉ ፊት ነው። ክለቡን ይህን ያህል የሚወድ ሰው፣ ሌላው እንዲዘፍን ብሎ ጨዋታውን ራሱ ይተወዋል! ይህን ስጽፍ እጄ ተንቀጥቅጧል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አዝማሪውን ያገኘሁት በእሱ በኩል ነው። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. መፍረስ ሲጀምር ብዙ የምሽት ቤቶች አብረው ሄዱ። የውዝዋዜ ባለሙያው መላኩ በላይ የሚመራው ፈንድቃ የባህል ማዕከል ሲነሳ ብዙ ሰው ሰማ፣ ብዙ ሰው አዘነ። ማዘናቸውም ልክ ነው። ግን ማሲንቆውን ይዞ ከቤት ቤት የሚሠራው፣ ደሞዙ ሽልማት ብቻ የሆነው አዝማሪ ወዴት እንደሄደ የጠየቀ ብዙ አልነበረም። ይኼኛው ሌላ ሰፈር ጠባብ ቤት ውስጥ ሥራ አግኝቷል።

አዝማሪን ማታ፣ ሥራ ላይ ሳለ ቃለ መጠይቅ ማድረግ እንጀራውን መሻማት ነው። እኔ ከሰዓት በኋላ ነው የምሄደው፤ ማሲንቆውን ሲቃኝ። ያቺ አንዲት የፈረስ ጭራ ክር በብርድና በሙቀት እንዴት እንደምትለዋወጥ፣ የሳጥኑ ቆዳ ሲረግብ ድምፁ እንዴት እንደሚታፈን የሚነግራችሁ በዚያ ሰዓት ነው። ማታ ግን ለመስማት ሄድኩ። አስጨፋሪው አብሮኝ ነበር። እንደ ደንቡ "ተቀበል!" አለና ግጥም ሰጠው፦

ኳስ አዳማ ሄዳ ሜዳው ታጥሮብን፣
መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዘን ቀረብን።

አዝማሪው ተቀብሎ ሲያወርደው ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። አንዱ ተነስቶ ብር ግንባሩ ላይ ለጠፈለት። አስጨፋሪውና አዝማሪው አንድ ሙያ ያላቸው ሰዎች መሆናቸውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሁለቱም ይሰጣሉ፣ ሰው ይቀበላል፤ ሰው ይሰጣል፣ እነሱ ይቀበላሉ። ገጾቻቸውን ጎን ለጎን የለጠፍኩትም ለዚህ ነው። ግጥሙን ያተምኩት ግን ሁለቱንም አስፈቅጄ ነው። እዚያ ቤት የሚባለው ሁሉ ለወረቀት አይሆንም። የሰው ስም እየጠሩ የሚወርፉም አሉ፤ እነሱ እዚያው መቅረት አለባቸው።

የድሮ ደጋፊዎችን ስጽፍ የሚሉትን አገናዝባለሁ። አንድ አባት በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ስንበላ እዚያው ስታዲየም እንደነበሩ አጫወቱኝ። ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 እንዳሸነፍን፣ መንግሥቱ ወርቁና ኢታሎ ቫሳሎ እንዳገቡ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ እንደነበር አንድም ሳይስቱ ነገሩኝ። አረጋግጬ ጻፍኩት። በሌላ ጨዋታ ላይ ግን ዓመቱና የሚሉት ቡድን አልገጠመልኝም። እሱን ተውኩትና በዚያ ቀን የለበሱትን ኮትና ከማን ጋር እንደሄዱ ብቻ ጻፍኩ። ውጤቱን ከሌላ ቦታ ማግኘት ይቻላል። ኮቱን የሚነግረን እሳቸው ብቻ ናቸው።

አሁን ቶሎ ቶሎ የምላቸው ነገሮች አሉ። ፎቶ ለፎቶ ኮፒ ሲሆን ፊት ይጠቁራል፤ ስለዚህ ሰውየውን በር ላይ ወደ ብርሃን አዙራችሁ አንሱ። ከመታተሙ በፊት ጽሑፉን ቁጭ ብላችሁ አንብቡላቸው። ጋሼ "ይቺን አውጣት፣ አከራዬ ያነበዋል" ያሉኝ ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ ወጣች። የመጀመሪያው ቅጂ የባለቤቱ ነው። ለገጹም ብር አልቀበልም። ሻይ እጠጣለሁ።

የሁለት ተቀናቃኝ ክለብ ደጋፊዎችን ከጻፋችሁ ደግሞ በአንድ ቀን፣ በአንድ ግድግዳ፣ እኩል ከፍታ ላይ ለጥፉ። አንዱ ቀድሞ ከወጣ "የእነሱ ነው" ተብሎ በማግስቱ ተቀድዶ ይገኛል። ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን ሰው ሁለቱንም ያነባል። የሸገር ደርቢ፣ የቡናና የጊዮርጊስ ጨዋታ ሰሞን እንኳ አልተነኩም።

ቆሎ ሻጯ እናት አሁን ቅዳሜና እሁድ ማታ ዲኤስቲቪ ቤት በር ላይ ናቸው። የአርሴናልና የማንቼ ጨዋታ ያለበትን ሰዓት ከወጣቶቹ በተሻለ ያውቃሉ፤ ሱፉንም በዚያው ልክ ያዘጋጃሉ። ገጻቸው በሩ ላይ ከተለጠፈ በኋላ የቤቱ ባለቤት ዝናብ ሲመጣ ገባ ብለው እንዲሸጡ ፈቅዶላቸዋል።

ቀጣዩ ገጽ የሴቶች ቡድንን ከሜዳ ሜዳ ተከትላ ስለምትደግፍ አንዲት ፀጉር ሠሪ ነው። የቀጠርኳት ሰኞ ጠዋት ነው፤ ሱቋ ጭር የሚለው ያን ጊዜ ብቻ ነው። መጀመሪያ የምጠይቃትን አዘጋጅቻለሁ፦ ጨዋታ ባለበት ቀን ደንበኛ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ሹሩባውን ማን ይጨርሳል?