እንቁላሉን ያጠብኩበት ባልዲ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሠፈር ባለው ግቢዬ 150 የ45 ቀን ቄቦች ገዝቼ እንቁላል ማስጣል ስጀምር ቤት መሥራቱ፣ መኖ ማፈላለጉና ማስከተቡ እምብዛም አላስቸገሩኝም። የጎዳኝ ከሁሉ የቀለለ የመሰለኝ ሥራ፣ እንቁላል ማጠብ ነው፤ በጊዜው ያስጠነቀቀኝ ሰው ስላልነበረ ይህን እጽፋለሁ።

ቀፊራ ገበያ ኩስ የነካው እንቁላል ዋጋው ይሰበራል። ሥልጠና የሰጠን ባለሙያ «አጥባችሁ አቅርቡ» ብሎ አለፈ፤ በምን ዓይነት ውሃ እንደሚታጠብ አንዲት ቃል አለመናገሩ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። እኔም በድሬዳዋ ሙቀት የሞቀውን እንቁላል ከእንስራ በቀዳሁት ቀዝቃዛ ውሃ እየነከርኩ በስፖንጅ አሸው ነበር። ሦስተኛው ትሪ ላይ ስደርስ የባልዲው ውሃ ሻይ ይመስላል፤ ውሃ እንዳይባክን ብዬ ግን አልቀይረውም።

አንድ ቀን ከዚራ ሠፈር ቁርስ ቤት ያላት ደንበኛዬ ደወለችልኝ። «እህቴ፣ በደንብ ያልበሰለ ቅቅል የበሉ ሦስት ሰዎች ትኩሳትና ተቅማጥ ይዟቸው አደሩ፤ እንቁላልሽን ምን ነካው?» አለችኝ። «ዶሮዎቼ ጤነኞች ናቸው» ብዬ ተቆጣኋት። በዚህ መልሴ አፍራለሁ፤ ሳልሞኔላ የሚባለውን፣ ሰውን በምግብ የሚያሳምም ተህዋሲ የተሸከመች ዶሮ ምንም ሳትታመም መኖዋን እየበላች እንቁላል ትጥላለችና። ከዶሮ ቤቴ ወለል የተወሰደው ናሙና ሲመረመር ሳልሞኔላ ተገኘበት።

ነገሩን ያስረዳኝ አንድ የእንስሳት ሐኪም ነው። ቅርፊቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ረቂቅ ቀዳዳዎች ስላሉት፣ የሞቀ እንቁላል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ይኮማተርና በላዩ ያለውን ውሃ ከነተህዋሲያኑ ይስባል፤ ማሸቱም ቀዳዳዎቹን የሚሸፍነውን ስስ ልባስ ይገፍፋል። በአሜሪካ ደንብ ማጠቢያው ውሃ ቢያንስ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ ከእንቁላሉም መሞቅ አለበት፤ በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ አንደኛ ደረጃ እንቁላል ከጥቂት ልዩ ፈቃዶች በቀር አይታጠብም።

መድኃኒት ሻጩ አንቲባዮቲክ ሊሰጠኝ ነበር፤ የታከመች ዶሮ ተህዋሲውን ተሸክማ ልትቀር እንደምትችል ስለተረዳሁ እምቢ ብዬ መንጋውን በሙሉ አስወገድኩ። ቤቱንም በበረኪና ከማጠቤ በፊት ኩሱን እስከ መጨረሻው ፋቅኩ፤ ኩስ ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉን ያጣል።

ባለሙያው ያለውን ይበል፣ የእኛ ቤት እንቁላል መታጠብ የለበትም። ዶሮዎቹ እንቁላል የሚጥሉበት ጎጆ ደረቅ ጭድ ይነጠፍበት፣ እንቁላሉ በቀን ሦስት ጊዜ ይሰብሰብ፣ መኖው አይጥ በማይደፍረው በርሜል ይከደን። ቀፊራ ላይ ጭድ የተጣበቀበትን እንቁላል ዛሬም በርካሽ ይጠይቁኛል፤ እኔም ሳላጥበው እሸጣለሁ፤ ለሚገዛኝ ሁሉ አስኳሉ እስኪጠነክር እንዲቀቅለው እነግረዋለሁ።