ዝም ያለው ዲስክ

ዛሬ ሙዴ ልክ አልነበረም፣ ሰው ማውራት ያስጠላኛል፣ ተኝቶ መዋሉም ያስጠላኛል፣ እንደዚህ ስሆን ደግሞ እጄ የሆነ ነገር ካልፈታ አያርፍም (ታውቁኝ የለ)፣ እና ነገ ነገ እያልኩ ያቆየሁትን የኮምፒውተሬን ዲ ዲስክ ቀየርኩት። ሲ ላይ ዊንዶውሱ ነው ያለው፣ እሱ ደህና ነው። ዲ ግን ፎቶው ፊልሙ ምናምኑ የተከመረበት አሮጌው ሃርድ ዲስክ ነው፣ ሰሞኑን ፋይል ስከፍት ቸክ... ቸክ... እያለ ቆም ይልብኛል። የዲስክ ጤና የሚያሳየው ፕሮግራም፣ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎም ቢጫ ካበራበት ቆየ፣ የተበላሹትን ሴክተሮች (ዳታ የሚቀመጥባቸውን ትንንሽ ክፍሎች) እየተወ በመጠባበቂያ እየተካ ነው ማለት ነው፣ መጠባበቂያ ደግሞ ያልቃል።

ስራው ራሱ ከባድ አይደለም። ያለውን ሁሉ ወደ ኤክስተርናል ገልብጬ፣ አጥፍቼ፣ ከሶኬት ነቅዬ፣ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ የፓወር ቁልፉን ያዝ አድርጌ፣ እስታቲክ እንዳያስቸግር የኬዙን ብረት ነካ አድርጌ ጎኑን ከፈትኩት። አቧራውን አላወራም። ዲስኩ የሚሰካባቸው የሳታ ኬብሎች ጫፍ ኤል ቅርፅ ስላለው ጉልበት ካልተጠቀሙ በቀር ተገልብጦ አይገባም፣ ጠባቡ ዳታ ነው ሰፊው ፓወር። አሮጌው ባለ 3.5 ኢንች ነው፣ እጅ ላይ ከበድ ይላል፣ አዲሱ ባለ 2.5 ኢንች ኤስኤስዲ ግን ከማቅለሉ የተነሳ ውስጡ ባዶ የሆነ ነው የመሰለኝ። ሳበራው አይታይም፣ አዲስ ዲስክ እንደዛ ነው፣ ዲስክ ማኔጅመንት ገብቶ ኢኒሺያላይዝ ማድረግ፣ ጂፒቲ የሚባለውን የዲስክ አከፋፈል መምረጥ፣ ፎርማት ማድረግ፣ ሾርትከቶቹ እንዳይጠፋባቸው ፊደሉንም ያው ዲ ማለት። 1 ቴራ ተብሎ 931 ጊጋ ሲያሳይ ደግሞ ማንም አልሰረቃችሁም፣ ፋብሪካው በ1000 ይቆጥራል ዊንዶውስ በ1024፣ አለቀ።

ፋይሎቹን መልሼ መገልበጥ ስጀምር ግን አንድ ነገር ከበደኝ። ድምፅ የለም። አሮጌው ውስጥ ሳህኖቹ በደቂቃ 7200 ጊዜ ይሽከረከራሉ፣ የሚያነበው ጭንቅላት ደግሞ በናኖሜትር በሚለካ ክፍተት ከላያቸው ይንሳፈፋል፣ ስለዚህ ሲሰራም ይሰማል ሲደክመውም ይሰማል። ኤስኤስዲ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፣ ቺፕ ብቻ ነው። ፈጣን ነው፣ መንቀጥቀጥ አይፈራም፣ ግን ሲሞት ብዙ ጊዜ ሳይናገር ነው፣ ማታ ሲሰራ ያመሸው ጠዋት ባዮስ ላይ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው ላይ) እንኳን አይታይም። ድንገት የሚሄድ ሃርድ ዲስክም አለ፣ እሱን አውቃለሁ፣ ቢያንስ ግን ከመሃላቸው የሚያጉረመርም አለ።

እማዬ ጠዋት ጉልበቴን ትላለች፣ ማታ ወገቤን ትላለች፣ እኛ እንስቃለን፣ ምኗን እንዳመማት ግን የማያውቅ የለም። አባዬ ነው ጣጣው። "ምንም አልሆንኩም" ብቻ። ያን ጊዜ ሲታመም ሐኪሙ ራሱ "ይሄን ሁሉ ጊዜ እንዴት ቻልከው" ነው ያለው፣ ምነው ሳትነግረን ስንለው ደግሞ "እንዳላስጨንቃችሁ ብዬ"። ኧረ በናትህ! ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው አባዬን አስታሞ አያውቅም። እማዬ ግን ታነበዋለች፣ ሬዲዮኑን ቀነስ ካደረገ የሆነ ነገር አለ ትላለች፣ ተሳስታም አታውቅም። እሷ ከሌለች ማን ያነበዋል? እኔ እዛው ክፍል ቁጭ ብዬ ሬዲዮኑ መቀነሱን እንኳን ልብ የምል ሰው አይደለሁም። ደግሞስ የሚያጉረመርመውን ስናሾፍበት፣ ዝም የሚለውን "ጨዋ ነው" ስንለው፣ ዝም በል ያልነው እኛው አይደለንም እንዴ?

ግልበጣው መቼ እንዳለቀ አላየሁም። ለእህቴ ቴክስት አደረግኩላት፣ እኔ ከየትኛው ነኝ፣ ከሚያጉረመርመው ነው ከዝምተኛው አልኳት። "አንተ ማቀዝቀዣው ፋኑ ነህ፣ ስራ በሌለበት የምትጮኸው" ብላ መለሰች። ይሄን ያህል ከጮህኩ ቢያንስ ሲያመኝ ያውቃሉ ማለት ነው፣ ወይስ ለምደውኝ ሲያመኝም ፋኑ ነው ብለው ያልፉኛል?