ጣናን ያየ ሰው ውቅያኖስ አይፈራም ብዬ ነበር

ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ውሃ አውቃለሁ ማለት ነው። ቢያንስ እስካለፈው ነሐሴ ድረስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ጣናን በሞተር ጀልባም በታንኳም ሄጄበታለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ አጠገቤ የተቀመጡት እናቶች ኪዳነ ምሕረትን ሲጣሩ አብሬ ተጣርቻለሁ። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ «ፖርቱጋል እንሂድ፣ ባሕር ውስጥ ያለ ዋሻ በጀልባ እንይ» ስትለኝ ለአፍታም አላቅማማሁም። ሁለታችንም የምንኖረው ጀርመን ነው። ከፍራንክፈርት እስከ ፋሮ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ሻንጣ ይዞ ባቡር ከመቀያየር ይቀላል።

ፋሮ ያለችበት የፖርቱጋል ደቡብ ዳርቻ አልጋርቭ ይባላል። ስሙ ዐረብኛ ነው፣ «አል ገርብ»፣ ምዕራብ ማለት። የእኛው «ምዕራብ» የሥጋ ዘመድ ነው። ዋሻውንም «አልጋር» ነው የሚሉት፣ እሱም ከዐረብኛው «ጋር» የመጣ፣ ዋሻ ማለት። ቋንቋውን ባልሰማም በቃሉ ዘመድ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

የቤናጊልን ዋሻ ፎቶ ሳታዩት አትቀሩም። ጣሪያው ላይ ክብ ቀዳዳ አለ፣ በዚያ ፀሐይ ትገባለች፣ ሥሩ አሸዋ ነው፣ በባሕሩ በኩል ደግሞ ሁለት በር። ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ውስጡ የቀንድ አውጣና የዛጎል ቅርፊት ታጭቆበታል፣ ድሮ የባሕር ወለል ነበራ። ከጎን ማዕበል ይበላዋል፣ ከላይ የዝናብ ውሃ ያሟሟዋል፣ አንድ ቀን ሁለቱ ይገናኛሉ። ባሌ ሄዶ ሶፍ ዑመርን ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። እዚያ የዌብ ወንዝ የሠራውን እዚህ ባሕር ሠራው።

ጀልባዋ የተነሣችው ከፖርቲማዎ ነው። አሥር ሰው ገደማ ነበርን፣ ሁላችንም ብርቱካናማ ጃኬት ለብሰን። በአራዴ ወንዝ አፍ ላይ እስካለን ድረስ ውሃው ዝም ያለ ነበር፣ እኔም ጣናን እየጠቀስኩ ጉራ እነዛ ነበር። የወደቡን ግንብ እንዳለፍን አፌ ተዘጋ። የጣና ማዕበል ይገፈትራል እንጂ አያነሣም፤ ይሄኛው ከሥር ገብቶ ጀልባዋን ከነሰዎቿ ብድግ አድርጎ መልሶ ያስቀምጣል። ሆዴ ግን አብሮ አይመለስም። የአክስቴ ልጅ «አድማሱን እያየሽ ተንፍሺ» ትለኛለች፣ እኔ የማየው የካፒቴኑን ጫማ ነው።

ቀና ስል ግን ገደሉ ደረሰ። ሽሮ የመሰለ ቢጫ፣ መሐል መሐሉ ላይ በርበሬ የተነሰነሰበት የሚመስል ቀይ መሥመር። ካፒቴኑ አንዲት ጠባብ ዋሻ ውስጥ ጀልባዋን አስገባና ሞተሩን አጠፋው። ከጉዞው ሁሉ የምወደው ይቺን ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ዋሻው ሲተነፍስ ሰማን። ውሃው ወደ ኋላ ሲሸሽ ጥቋቁር ዛጎል የተለጠፈበት ድንጋይ ብቅ ይላል፣ ከየዛጎሉ መሐል ውሃው እየተንጠባጠበ። ከዚያ ማዕበሉ ይመለስና ጥልቁ ውስጥ ገብቶ «ድም!» ይላል፣ ልክ ከበሮ በመዳፍ ሲመታ፣ ቀጥሎም ቀዝቃዛ አየር ፊታችን ላይ ይነፋል። ማንም አላወራም። አንድ ሕፃን ብቻ በየ«ድም»ው ይስቅ ነበር።

ዋናው ቤናጊልማ ወረፋ ነው። ጀልባ ከጀልባ ኋላ፣ ካያክ በመሐል፣ የናፍጣ ሽታ። ከገባን እስከ ወጣን ያለውን የአክስቴ ልጅ በስልኳ ቀርጻዋለች፣ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ያናደደኝ ግን ይሄ አይደለም። ትኬቱን የሸጠልን ድርጅት ማስታወቂያው ላይ «አሸዋው ላይ ወርዳችሁ ትዝናናላችሁ» ብሎ ነበር። ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ክረምት ጀምሮ እዚያ አሸዋ ላይ መውረድም፣ ወደ ዋሻው መዋኘትም ክልክል ነው፣ ሰው በዝቶ አደጋ ስለሚያሰጋ። ስንጠይቃቸው «ማስታወቂያው የቆየ ነው» አሉን። ገንዘቡ ግን አዲስ ነበር። እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

በማግስቱ በእግር ሄድን፣ ያውም በነፃ። ከማሪኛ የባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በገደሉ አናት ላይ የሚሄድ ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ፣ «የሰባቱ ተንጠልጣይ ሸለቆዎች» ይሉታል። ባሕሩ ገደሉን የሚበላበት ፍጥነት ጅረቶቹ ከሚቆፍሩበት ይበልጣል፤ ስለዚህ ሸለቆው ባሕሩ ጋ ሳይደርስ አየር ላይ ይቀራል። የዋሻው ቀዳዳም መንገዱ ላይ ነው፣ ዙሪያውን ታጥሯል። አጥሩን ይዘን ወደ ታች አየን። ትናንት እኛ የነበርንበት ጀልባ የሚመስል ገብቶ ወጣ። ውሃ ያዙ፣ ጥላ የሚባል ነገር የለም።

ማታ ማታ የምናድረው ፌራጉዶ ነበር፣ ከፖርቲማዎ በወንዙ ማዶ ያለች የዓሣ አጥማጆች መንደር። ነጫጭ ቤቶች ኮረብታው ላይ ተደራርበዋል፣ አናቱ ላይ ቤተ ክርስቲያን። ልብስ በየመስኮቱ ተሰጥቷል፣ አሮጊቶች በራፍ ላይ ወንበር አውጥተው ያወራሉ፣ ስታልፉ ወሬው ይቆማል፣ ካለፋችሁ በኋላ ይቀጥላል። አገሬ የገባሁ መሰለኝ።

ወደቡ ዳር ሰርዲን በከሰል ይጠብሳሉ። ጣና ዳር ቆሮሶ ጎኑ ተተልትሎ ዘይት ውስጥ ይገባል፤ እዚህ ሰርዲኑን ከነጭንቅላቱ፣ ደረቅ ጨው ብቻ ነስንሰው ነው እሳቱ ላይ የሚጥሉት። ቆዳው ይጠቁርና ይነፋል፣ ዳቦ ላይ ስታስቀምጡት ቅባቱ ይወርዳል። ፎቶውን ለእማዬ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«ዓሣ ነው እንዴ?»

«አዎ እማዬ።»

«በፍልሰታ?!»

ሌላ ጾም ቢሆን ግድ አልነበራትም፣ እሷም ትጠብሳለች። የፍልሰታ ነገር ግን አይነካም። ሳህኑ ውስጥ ስድስት ነበሩ፣ አራቱን ከስልኩ በፊት በልቼ ነበር፣ ሁለቱን ለአክስቴ ልጅ ገፋሁላት።

አስተናጋጁ ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ፣ ከየት እንደሆንን ጠየቁን። ኢትዮጵያ ስንል «አሃ! የፕሬሽት ዡዋው አገር!» አሉ። የአገራቸው ሰው ያንን የካህኑ ዮሐንስን፣ በሩቅ አገር ይኖራል ይባል የነበረውን የክርስቲያን ንጉሥ፣ ተረት አሁንም ያውቀዋል። እኔም የማውቀውን አወጣሁ፦ የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክርስቶቮ በ1541 (እ.ኤ.አ.) 400 ያህል ወታደር ይዞ በምፅዋ ገብቶ ዐፄ ገላውዴዎስን ሊረዳ እንደመጣ፣ በዓመቱም ተማርኮ እንደተገደለ። ጢስ ዓባይ አጠገብ ተማሪ ሆነን የተሻገርነው አሮጌ የድንጋይ ድልድይም እስከ ዛሬ የፖርቱጋል ድልድይ እንደሚባል ነገርኳቸው። «አሁንም ቆሟል?» አሉኝ። ቆሟል አልኩ። ሁለት ቡና አመጡልን፣ ሒሳቡ ላይ አልነበረም።

ቡናውን ጠጥተን ወደ ጀልባዎቹ ዞር ስል ግማሾቹ ጭቃው ላይ ተጋድመዋል። ስንቀመጥ ውሃ ላይ ነበሩ።

«ውሃው የት ሄደ?» አልኩ ጮክ ብዬ።

የአክስቴ ልጅ ሳቋን መያዝ አቃታት። አስተናጋጁ ሰዓታቸውን አዩና እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ይመለሳል አሉኝ። ጣና እንዲህ አድርጎ አያውቅም።