ሰባቷ «ኦሬ»

ቶኪዮ፣ ሺሞኪታዛዋ። ትናንሽ ቲያትር ቤቶች የሞሉበት ሰፈር ነው። እዚያ የአንዲት ድራማቱርግ ረዳት ነበርኩ። ድራማቱርግ ደራሲም አዘጋጅም አይደለም። ትርጉሙን ከዋናው ጋር ያስተያያል፣ የተውኔቱን ዘመን ያጠናል፣ ልምምድ ላይ ቁጭ ብሎ አዘጋጁን ይጠይቃል። ጀርመን ውስጥ ጸሐፌ ተውኔቱ ሌሲንግ ሀምቡርግ ከተማ ቲያትር ቤት ከገባበት ከ1767 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ሙያ ነው። ጃፓን ግን ብዙውን ቡድን የሚመራው ራሱ ጽፎ ራሱ የሚያዘጋጅ ሰው ስለሆነ ገና ብዙ አልተለመደም።

የኔ ሥራ ከጀርመንኛ የተተረጎመውን ስክሪፕት የፊደል ግድፈት ለቅሞ፣ ኮፒ አድርጎ ማደል ነበር። ማታ ሳነበው አንድ ነገር ከነከነኝ። አሽከሩ ጌታውን ሲያናግር ራሱን «ዋታሺ» እያለ ቆይቶ፣ መጨረሻ ላይ ድንገት «ኦሬ» ይላል፤ ሰባት ጊዜ። ሁለቱም «እኔ» ናቸው። ዋታሺ የጨዋ ነው። ኦሬን ወንድ ከጓደኛው ጋር ሲሆን ወይ ሲቆጣ ይለዋል። ተርጓሚው ተሳስቶ ነው አልኩና ሰባቱንም «ዋታሺ» አደረግኳቸው። ለማንም አልነገርኩም።

በማግስቱ «ሆንዮሚ» ነበር፤ ተዋንያኑ ጠረጴዛ ከበው ስክሪፕቱን የሚያነቡበት ቀን። (ድሮ በካቡኪ፣ በጃፓን ባህላዊ ቲያትር፣ ደራሲው ራሱ ነበር የሚያነብላቸው።) አሽከሩን የሚጫወተው ሰው እዚያ ቦታ ሲደርስ ዝም አለ። ገጹን ገለጠ፣ መለሰ። አለቃዬ ወደኔ ዞረች።

«ይሄን የነካው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ስህተት መስሎኝ።»

አልተቆጣችም። በእረፍት ሰዓት ጀርመንኛውን አምጥታ አሳየችኝ። አሽከሩ እዚያች መስመር ላይ ጌታውን አንቱ ማለቱን ትቶ «አንተ» ይለዋል። በጃፓንኛ ንግግር «አንተ» የሚለው ቃል አብዛኛውን ጊዜ ይዋጣል። ስለዚህ ተርጓሚው ድፍረቱን «እኔ» ላይ አመጣው። ለዚች ቃል እሷና ተርጓሚው ቀናት ፈጅተዋል።

ክው አልኩ። አማርኛ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ነው። አንቱ ሲባል የኖረ ሰው በገዛ ቤቱ «አንተ» ሲባል ምን እንደሚሰማው ለኔ ማንም ሊነግረኝ አይገባም ነበር።

«ያጠራጠረሽ ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጊና አምጪልኝ» አለችና እርሳስ ሰጠችኝ።

የሁሉንም ስክሪፕት ሰብስቤ ሰባቷን «ኦሬ» በእጄ መለስኩ። ከእረፍት በኋላ ንባቡ ከዚያው ቀጠለ። አሽከሩ «ኦሬ» ሲል፣ ጌታውን የሚጫወተው አንጋፋ ተዋናይ ከወረቀቱ ቀና ብሎ አየው።