ሰማያዊ ሰሌዳ ያለበት ቤት ኪራይ

አንድ ፎቶ ለጥፌ ጣጣ አመጣሁ። እዚህ ለንደን በራችን አጠገብ ያለችውን ክብ ሰማያዊ ሰሌዳ ያዩ የሰፈር ልጆች፣ «ቤተ መንግሥት ገባህ እንዴ?»፣ «ስምህን ነው የጻፉልህ?» እያሉ አላስቀመጡኝም። አንዱማ «እሱን ሸጠህ ና፣ እዚህ ፎቅ ትሠራበታለህ» ብሎ መከረኝ። ጓዶች፣ ቤቱ ተከፋፍሎ የሚከራይ ነው፤ የእኔዋ ምድር ቤቷ ናት።

ታዋቂ ሰው በኖረበት ቤት ላይ የሚለጠፍ እንዲህ ያለ ሰሌዳ ለንደን ውስጥ ሺህ ያህል አለ። ነገሩ የተጀመረው በ1866 ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ)። ዛሬ የሚመርጠው ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ የሚባል ድርጅት ሲሆን፣ ሰውየው ከሞተ ቢያንስ 20 ዓመት ሊሞላው፣ የኖረበት ቤትም እስካሁን ቆሞ ሊገኝ ይገባል። እኛ ሰፈሩን በራስ እገሌ ወይም በደጃዝማች እገሌ ስም ጠርተን ቤቱን እናፈርሳለን፤ እነሱ ቤቱን ያቆዩና ሟቹን ሃያ ዓመት ወረፋ ያስጠብቃሉ። የእኛው ሰሌዳ የማን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ አድራሻዬን ፈልጋችሁ ደግሞ እንግዳ እንዳትልኩብኝ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከሌሊት ሥራ እግሬን እየጎተትኩ ስመጣ፣ በሩ ላይ ጎብኚዎች ተኮልኩለዋል። ቁልፌን አውጥቼ ልገባ ስል አንዲት ሴትዮ፣ ያውም በትሕትና፣ «ይቅርታ፣ ከፎቶው ትንሽ ዞር ይሉልኛል?» አለችኝ። ዞር አልኩላት፤ ከገዛ በሬ። ይህ ሳያንስ ባልየው ዘበኛ መስዬው ነው መሰል፣ «ውስጡን ማየት ይፈቀዳል?» አለኝ። ውስጡን ቢያይማ ሻጋታውን ነበር የሚያየው። ስድብ ቢሆን መልስ ነበረኝ፤ ትሕትና ግን አፍ ያስይዛል። እንቅልፌ ጠፍቶ ዋለ።

ከዚያ ወዲህ በሄድኩበት ሰሌዳ ማንበብ ልማድ ሆነብኝ። ከኢትዮጵያ ጋር የሚያያዝ ነበር የምፈልገው። ቼልሲ፣ ቼይኒ ዎክ 120 ቁጥር ላይ ሲልቪያ ፓንክረስት አለች፤ ሰሌዳው ለሴቶች መብት መታገሏን ይናገራል እንጂ ለኢትዮጵያ ያን ሁሉ ዓመት መጮኋን አያነሳም። አጽሟ ግን አዲስ አበባ ሥላሴ ካቴድራል ነው ያረፈው። ባዝ ከተማ ጃንሆይ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበት ፌርፊልድ ሃውስ አለ፤ በኋላ ለአረጋውያን እንዲሆን ለከተማዋ ሰጥተውታል። ስደተኛ ላስጠጋው አገር ቤት ሲሰጥ የት አይታችኋል? ዊንዘር በሚገኘው የንጉሣውያኑ ቤተ ጸሎት ውስጥ ደግሞ የልዑል ዓለማየሁ የናስ ሰሌዳ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል» ይላል። ልጁ ከመቅደላ የመጣው በሰባት ዓመቱ ነው፤ በ1879 በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሞቶ እዚያው ዊንዘር ተቀበረ። አጽሙ ይመለስ ሲባል በ2023 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አይሆንም አለ። አንጀቴ እርር ነው ያለው።

ወደ ቤቴ ልመለስ። መስኮቱ ነፋስ ያስገባል፣ ግድግዳው ያልባል። አከራዩን ስጠይቀው፣ «ሰሌዳ ያለበት ታሪካዊ ቤት ነው፣ አይነካም» ይለኛል። ኪራዩን ሲጨምርም «ታሪካዊ ቤት ነው» ነው ምክንያቱ! በኋላ እንዳነበብኩት፣ ሰሌዳው ለቤቱ ምንም የሕግ ጥበቃ አይሰጥም። የመጀመሪያው ሰሌዳ በ1867 ባለቅኔው ሎርድ ባይረን በተወለደበት ቤት ላይ ተለጥፎ፣ ቤቱ በ1889 ከነሰሌዳው ፈርሷል። ለማደስ ፈቃድ የሚያስፈልገው በቅርስነት የተመዘገበ ሕንፃ ነው፤ ያ ሌላ መዝገብ ነው። ቢመዘገብም እንኳ የሚያፈስ ቤት መጠገን ከአከራይ ጫንቃ አይወርድም።

ስለዚህ ለመምጣት የምታስቡ፣ በፎቶ ቤት አትከራዩ። የእንግሊዝ የቅርስ መዝገብ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል፤ ውል ከመፈረማችሁ በፊት አድራሻውን አስገብታችሁ እዩ። ሻጋታውን ቀን በሚያሳይ ፎቶ አንሱ፣ ለአከራይ የምትሉትን በጽሑፍ ላኩ፣ እምቢ ካለ የአካባቢው ማዘጋጃ ቤት መርማሪ አለው። እዚህ «ኧረ በእግዚአብሔር» ማለት መስኮት አያስጠግንም፣ ሽማግሌ መላክም እንዲሁ። የእኛን ቤት መዝገቡ ላይ ፈለግኩት፤ የለም። ገጹን ለአከራዩ ላክሁለት፤ መልእክቱን ማንበቡ ይታያል፣ መልስ ግን የለም። በወሩ መጀመሪያ ግን «ኪራይ» የምትል አንዲት ቃል ላከልኝ።