ላቲን ፈተና ላይ ቄሳርን ጽፌ ነጥብ የተቀነሰብኝ ነገር

ሮም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ ልትማሩ የምትመጡ ልጆች ላቲን አይቀርላችሁምና ይቺን አንብቧት፣ እኔን ማንም አላስጠነቀቀኝም።

ነጥብ ያስቀነሰኝ ግስ አብስቲኔኦ ነው፣ እታቀባለሁ ማለት ነው። መዝገበ ቃላት ላይ የምታገኙት በ«እኔ» ነው እንጂ እንደኛ «ታቀበ» ተብሎ አይደለም፣ አብስቲኔኦ፣ አብስቲኔሬ፣ አብስቲኑኢ፣ አብስቴንቱም ብላችሁ አራቱንም የግሱን ቅርጾች በቃል ያዙ፣ አለቀ።

እኔን ያቃጠለኝ ፈተናው ነው። «ከውጊያ ይታቀብ ነበር» የሚለውን ወደ ላቲን መልሱ ተባልን፣ ፕሮኤሊኦ አብስቲኔባት ብዬ ጻፍኩ። መምህሩ ከፊቱ በቀይ «አ» ጨምረው ነጥብ ቀነሱብኝ፣ ምክንያቱም የሰጡን ወረቀት ይሄ ግስ ሁሌም አብ ወይም አ ይፈልጋል ይላል። እሱ የኛ «ከ» ማለት ስለሆነ ለኛ ይቀለናል እሺ፣ ግን እኮ እኔ የጻፍኩት የቄሳርን ነው! የጋሊያ ጦርነት የሚለው ድርሰቱ 1ኛ መጽሐፍ ምዕራፍ 22 ላይ የሱ የጦር አዛዥ ላቢዬኑስ ተራራውን ይዞ ወገኖቹን ሲጠብቅ «ፕሮኤሊኦኬ አብስቲኔባት» ይላል (ኬ «እና» ነው)፣ አብ የለ አ የለ፣ ስሙ አብላቲቭ (የ«ከ»ን ትርጉም የሚይዝ የስም ቅርጽ) ከሆነ ብቻውን ይበቃል። መጽሐፉን ይዤ ቢሯቸው ሄድኩ፣ መስመሩ ላይ ጣቴን አድርጌ አሳየኋቸው፣ አዩትና «ለፈተና የሚሰራው ወረቀቱ ነው» አሉኝ። ጽሕፈት ቤት አቤት ስል ደግሞ መምህሩን አነጋግር ብለው መለሱኝ። ቄሳር የጻፈው ላቲን እንዴት ስህተት ይሆናል? እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ወረቀቱን ብቻ አጥኑ ሲሏችሁ አትስሙ። በፈረንጆች 1879 የወጣው የሌዊስና ሾርት የላቲን መዝገበ ቃላት ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለ፣ ምሳሌውን ከነምንጩ ይሰጣችኋል። ማኑስ፣ እጅ ማለት ነው፣ ከግሱ ጋር ሲገባ ልክ እኛ እጁን ሰበሰበ እንደምንለው ነው፣ ሮማዊው ገጣሚ ሆራስ ጋ ደግሞ የፍቅር አምላኳ ቬኑስ ኤውሮፓ የምትባለውን ልጅ «አብስቲኔቶ ኢራሩም» ትላታለች፣ ከቁጣ ታቀቢ ነው፣ እዚህ ስሙ ጄኒቲቭ (የኛን «የ» የሚተካ ቅርጽ) ሆኗል የግሪክ አካሄድ ስለሆነ። ፈተና ላይም ትክክሉን ጻፉና ከጎኑ ቄሳር 1፣22 ብላችሁ አስቀምጡ፣ እኔ ያኔ ይሄን አድርጌ ቢሆን ክርክሩ እዛው ወረቀቱ ላይ ይቀር ነበር።

ሕጉ ጋ ስትደርሱ ደግሞ አብስቲኔንቲያን፣ ከዚሁ ግስ የወጣ ነው፣ መታቀብ ማለት፣ ጾም ብላችሁ እንዳታልፉት። እኛ ጾም ስንል ከስጋ መራቁንም መራቡንም አንድ ላይ ነው፣ በፈረንጆች 1983 የወጣው የቤተ ክርስቲያኑ ሕግ ግን ይለያቸዋል፣ ቀኖና (አንቀጽ) 1252 ከስጋ መታቀቡን 14 ዓመት ከሞላው ሰው ይጀምራል፣ ጾሙን ከ18 እስከ 59።