ያልተነፈስሁት ትንፋሽ

ወጣት የኳየር መሪዎችንና የሙዚቃ ደራሲዎችን አሠለጥናለሁ። ዓምና «በራችን ለሁሉም ክፍት ነው» የሚል ማስታወቂያ አወጣን፤ ማስታወቂያ ማውጣት መቼም አይከብድም። ከመጡት መካከል አንዱ ዐይነ ስውር ወጣት ነበር። ቀደም ሲል ጎጃም ዜማ ቤት ስለቆየ ጓደኞቹ «መሪጌታ» ይሉታል፤ እሱም «ድጓውን ሳልጨርስ ማዕረጉን አታርክሱብኝ» እያለ ይቆጣቸዋል። ቅጹ ላይ «ድርሰት» እና «አመራር» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ። እኔው ሳልጠይቀው ድርሰት ላይ ምልክት አደረግሁለት። ኳየር መምራት የዐይን ሥራ ነው ብዬ ነበር የማምነው፤ ልጁን ከከንቱ ድካም ያዳንሁት መስሎኝ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ሠልጣኞቹ ሁሉ በመለማመጃው ኳየር ውስጥ ይዘምራሉ። እሱ ኋላ መደዳ፣ ወፍራሙን የወንድ ድምፅ ከሚዘምሩት ከባሶቹ ጋር ነበር ቦታው። አንድ ቀን እንግዶች ሊጎበኙን ሲሉ፣ ለመግባት ለመውጣት ይመቸዋል ብዬ ከፊት፣ በሩ አጠገብ አስቀመጥሁት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ይዘገይ ገባ። ሙሉ ምት አይደለም፤ ሌሎቹ ቃሉን ካነሱ በኋላ ዱብ የሚል የአንድ ሰው ድምፅ ነው። አራት ጊዜ አስቆምሁ። በአምስተኛው ትዕግሥቴ አለቀና «ቁጠር እንጂ!» አልሁት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«እቆጥራለሁ መምህር» አለ። «ግን ከየት ልነሳ? እርስዎ ሳይተነፍሱ ነው የሚያስጀምሩን።»

«ሳይተነፍሱ ማለት?»

«ዜማ ቤት የኔታ ሊያነሱ ሲሉ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ከዚያ አየር ይስባሉ። አሳሳባቸውን ሰምተን ዜማው ይፍጠን ይዘግይ እናውቃለን። ከእርስዎ በኩል ግን ምንም አይሰማም። ኋላ ሳለሁ የእትዬን ትንፋሽ እየጠበቅሁ ነበር የምገባው።»

እትዬ ያላቸው ከፊቱ ይቀመጡ የነበሩትን የአልቶ፣ ማለት የዝቅተኛው የሴት ድምፅ፣ ዘማሪ ነው፤ በኳየር ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሴት ናቸው። ተናድጄ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር፣ ልጁን ለማሳፈር ብዬ ነው ፈተናውን ያደረግሁት። ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቄ ኮሪደር ላይ አስቆምኋቸው። ሌላው ሰው ሁሉ ዐይኑን አፍጥጦ እኔን እያየ፣ እጄን አንስቼ አወረድሁ። መግቢያው ከጆንያ እንደ ፈሰሰ ሽምብራ ተበታተነ። ደገምሁት፤ ባሰ። ሴትዮዋን መልሼ አስገባሁ፤ ሁሉም እንደ አንድ ሰው ገባ።

«ታዲያ የመሪነቱ አበል ለማን ነው የሚከፈለው?» አሉ ሴትዮዋ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅሁም።

ከመጀመሪያው ምት በፊት የምትነሳው የዝግጅት ምት ፍጥነቱንም፣ ጉልበቱንም፣ ስሜቱንም ይዛ መምጣት አለባት፤ መሪው ከዘማሪዎቹ ጋር አብሮ አየር መሳብ አለበት። ይህን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ። ማታ ስልኬን ፒያኖው ላይ አስደግፌ ራሴን ቀረጽሁ። እጄ ያምራል፤ አፌ ግን እንደ ታሸገ ደብዳቤ ግጥም ብሎ ተዘግቷል።

በማግስቱ ቅጹን አውጥቼ፣ በዚህ ጊዜ ጠይቄው፣ ሁለተኛውም ሳጥን ላይ ምልክት አደረግን።

ቀላል ነበር አልልም። የመሪ እጅ ሲንቀሳቀስ አይቶ አያውቅም። ከኋላው ቆሜ አንጓውን ይዤ ባለ አራት ምቱን አስጀመርሁት፦ አንድ ወደ ታች፣ ሁለት ወደ ግራ፣ ሦስት ወደ ቀኝ፣ አራት ወደ ላይ። ሁለት ጊዜ እንደዞርን ሳቁ አመለጠው። «መምህር፣ ይህማ ማማተብ ነው!» እውነቱን ነው፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ። ስንት ዓመት ሳስተምር ልብ ብዬው አላውቅም። ሙስሊም ሠልጣኞችም ስላሉኝ በክፍል ውስጥ እንደ ዘዴ ላስተምረው አልቻልሁም እንጂ፣ እሱ ባለ አራት ምቱን የጨረሰው በዚያው ቀን ነው።

የከበደን ኖታው ነው። የዐይነ ስውራንን የነጥብ ጽሕፈት የፈጠረው ሉዊ ብሬል ራሱ ኦርጋን ተጫዋች ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1829 ባሳተመው መጽሐፍ ለሙዚቃም መጻፊያ አስቦበታል፤ እንደ ዐይናሞች ኖታ አምስት መስመር የለ፣ የመስመር መነሻ ቁልፍ የለ፣ ሁሉም በስድስቱ ነጥብ ነው። ላይኞቹ አራት ነጥቦች ድምፁን ይሰይማሉ፣ ታችኞቹ ሁለቱ ርዝመቱን ይናገራሉ። ነገር ግን ጣት አራቱን የኳየር ድምፆች እንደ ዐይን በአንዴ አያነብም፤ ወረቀት ላይ ያረፈ እጅ ደግሞ ምት አይመታም። ስለዚህ ሁሉንም በቃሉ መያዝ አለበት። እኔ ሶፕራኖውን፣ አልቶውን፣ ቴነሩን፣ ባሱን በየተራ እጠራለሁ፤ እሱ ነጥቦቹን በስታይለስ፣ በብሬል መውጊያው፣ እየወጋ ይጽፋል። በትዝታ ቅኝት የሠራኋትን አንዲት አጭር መዝሙር ለመጨረስ ሁለት ከሰዓት በኋላ ፈጀብን። መሃል ላይ እጁን አቆመና «ቴነሩ እዚህ ጋ ከትዝታ ወጣሳ?» አለኝ። ሆን ብዬ ነው አልሁት። ሆን ብዬ አልነበረም።

የራሱ ጉድለቶችም አሉት። ሲሞቀው ምቱ ይጎተታል። ዋናው ችግሩ ግን ጆሮው ነው፤ ሶፕራኖዎቹ ትንሽ ዝቅ ካሉ ጆሮውን ሊያስጠጋ ወደ እነሱ ይዞራል፤ ከጆሮው ጋር ገላውም ይዞራል። የሚቆምበት ምንጣፍ ጫፍ ላይ ወፍራም ገመድ ሰፋንለት፤ በጫማው ጫፍ እየዳሰሰ አቅጣጫውን ይጠብቃል። ባለፈው ሐሙስ የራሱን ድርሰት ሲመራ ገመዱን ጨርሶ ረሳው። ባሶቹ ከግማሽ በላዩን ጀርባውን እያዩ ዘመሩ። አልዘገዩም።